በልጉ ገባ ወይስ ቀረ? የደሴና የኮምቦልቻ ሰማይ ለምን አልጨበጥ አለ

መጋቢት አልፎ ሚያዝያ ሲጠባ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ «ዘንድሮ በልግ አለ ወይ?» መልሱ እንደ ተጠያቂው ሰፈር ይለያያል። ደሴ ሰኞ ገበያ ላይ ድንች የሚያራግፍ ነጋዴ «በዝቶ አበላሸው» ሲል፣ ኮምቦልቻ በርበሬ ወንዝ አካባቢ ጓሮ ያላት እናት «ጠብ አላለም» ልትል ትችላለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ለምን እንዲህ ሆነ ተብሎ ሲጠየቅ ግን ወሬው ይበተናል። አንዱ ኤል ኒኞ ነው ይላል፣ አንዱ ከደሴ በላይ ያለው የጦሳ ተራራ ስለተራቆተ ነው ይላል፣ ሌላው ሰው ሠራሽ ዝናብ ነው ብሎ ይምላል፤ የሕዳሴው ግድብ ሐይቅ አየሩን ቀየረው የሚልም አልጠፋም።

ከእነዚህ አንዳንዶቹ የእውነት ቁራጭ አላቸው፣ አንዳንዶቹ የላቸውም። ነገሩን ለመመዘን ግን ጥያቄውን ራሱን ማስተካከል ይበጃል። በምሥራቁ ወሎ ጓሮንም ማሳንም እያስቸገረ ያለው የዝናቡ ጠቅላላ መጠን ብቻ አይደለም። ይበልጡን የሚጎዳው አመጣጡ ነው፤ መቼ እንደጀመረ፣ በምን ያህል ኃይል እንደወረደ፣ መሃል ላይ ስንት ቀን እንደጠፋ።

የበልግ ዝናብ ከየት ይመጣል?

የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች የኢትዮጵያን ዓመት በሦስት ወቅት ይከፍሉታል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት። ክረምት አብዛኛውን የአገሪቱን ክፍል ያዳርሳል። በልግ ግን እንዲያ አይደለም። ጎጃም በእነዚህ ወራት በአመዛኙ ደረቅ ሆኖ ሲቆይ የወሎ ምሥራቃዊ ተራሮች እርሻ ይጀምራሉ። በአገር ደረጃ ከዓመቱ የእህል ምርት የበልጉ ድርሻ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው። ይህ ቁጥር አዲስ አበባ ላይ ለሚቀመጥ ሰው ትንሽ ይመስላል። ደቡብ ወሎ ደጋ ላይ ግን ክረምቱ ማሳውን ስለሚያጨቀየውና በመኸር ወቅት ውርጭ ስለሚያጠቃው፣ የዓመት ቀለቡን ሙሉ በሙሉ ከበልግ ገብስ የሚጠብቅ ገበሬ አለ።

ልዩነቱን የሚያመጣው የእርጥበቱ ምንጭ ነው። በክረምት ብዙው እርጥበት ከደቡብና ከምዕራብ ይነፍሳል። በበልግ ግን ከምሥራቅ ነው፤ ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከዓረብ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ። በዓረቢያ ልሳነ ምድርና በዓረብ ባሕር ላይ የሚቀመጥ ከፍተኛ የአየር ግፊት ያንን እርጥብ አየር ወደ አፍሪካ ቀንድ ይገፋዋል። አየሩ የአፋርን ቆላ አቋርጦ ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ጋር ሲላተም ሽቅብ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ደመና ይሆናል። ደሴ የተቀመጠችው ልክ እዚያ ጠርዝ ላይ ነው።

እርጥበት ብቻውን ግን ዝናብ አይሆንም። ሁለተኛው አስፈላጊ ነገር ከሰሜን ይመጣል። ከሜዲትራኒያን ባሕር አቅጣጫ ቀዝቃዛ የላይኛው አየር ሞገድ እየሠራ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ከላይ ቀዝቃዛ፣ ከታች ሞቃትና እርጥብ አየር ሲገናኙ ከባቢ አየሩ ይናወጣል፤ ደመናው ወደ ላይ ያድግና ዝናብ ይጥላል። ሁለቱ ካልተገናኙ ሰማዩ ለቀናት ጠቁሮ ይውልና ምንም ሳይጥል ይበተናል። «ደመናው አታለለን» የሚባለው ነገር መነሻው በአብዛኛው ይኸው አለመገጣጠም ነው።

ክረምት ሰፊና የተረጋጋ ሥርዓት ስላለው ይነስም ይብዛ ይመጣል። በልግ ግን ከተለያየ አቅጣጫ የሚመጡ ሁለት ነገሮች በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ቦታ እንዲገናኙ ይጠብቃል። ስለዚህ ከጥንትም ተለዋዋጭ ነው። በማዳጋስካርና በሞዛምቢክ አካባቢ በእነዚሁ ወራት የሚነሱ የባሕር አውሎ ነፋሶች ደግሞ አንዳንዴ ወደ እኛ መምጣት የነበረበትን እርጥበት ወደ ራሳቸው ስበው ይወስዱታል። ከ30 እስከ 60 ቀን ባለው ጊዜ ምድርን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚዞር የደመናና የዝናብ ማዕበልም አለ፤ ባለሙያዎች ማደን-ጁሊያን ይሉታል። ምቹ ክፍሉ በአካባቢያችን ሲያልፍ ዝናቡ ሳምንት ሁለት ሳምንት ይበረታል፣ ካለፈ በኋላ ሰማዩ ይነጣል።

በአንድ መንገድ ላይ ሁለት የአየር ጠባይ

ከደሴ ኮምቦልቻ በመኪና 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ 1850 ሜትር አካባቢ ናት። አየር በአማካይ በየ1000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ የሐረጎን ጠመዝማዛ የወረደ ተሳፋሪ አራት ዲግሪ ያህል የሙቀት ልዩነት ውስጥ ይገባል። ጠዋት ደሴ ላይ ጃኬቱን ቆልፎ የተነሳ ሰው ኮምቦልቻ መናኸሪያ ሲደርስ እጁ ላይ ይዞት የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው።

ልዩነቱ ከልብስ ያልፋል። ኮምቦልቻ ሙቀቷ ከፍ ያለ በመሆኑ አፈሯ ቶሎ ይደርቃል፤ ደሴ ላይ ለጎመን አሥር ቀን የሚበቃ እርጥበት ታች ላይ ሳምንት ላይቆይ ይችላል። በረዶም ቢሆን እንዲሁ ነው። በእኛ አካባቢ ውሃ በረዶ የሚሆንበት የአየር ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ከ4500 እስከ 5000 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ የሚወርድ የበረዶ ጠጠር ደሴ ላይ ለመድረስ የሚያቋርጠው ሞቃት አየር አጭር ስለሆነ ሳይቀልጥ ቆርቆሮ ላይ ይንኳኳል፤ ኮምቦልቻ ላይ ብዙ ጊዜ ወፍራም ጠብታ ሆኖ ይደርሳል። በልግ ደግሞ የበረዶ ወቅት ነው፤ ከታች ፀሐይ ያጋላት መሬት፣ ከላይ ከሰሜን የወረደ ቀዝቃዛ አየር ስላለ።

ከሁሉም የሚገርመው የቦርከና ነገር ነው። ወንዙ ከኩታበርና ከደሴ ተራሮች ተነስቶ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ኮምቦልቻ ላይ ፀሐይ እየበራ፣ አንዲት ጠብታ ሳይወርድ፣ ወንዙ ድንገት ደፍርሶና ግንድ እያንከባለለ ሊመጣ ይችላል። ደራሽ ውሃ የሚባለው ይህ ነው። ከወንዙ ዳር ልብስ የሚያጥብ ወይም ከብት የሚያጠጣ ሰው ራሱ ላይ ያለውን ሰማይ ብቻ አይቶ ከወሰነ ይሳሳታል። ማየት ያለበት ወደ ጦሳ ነው።

አንድ ዓይነት መጠን፣ የተለያየ ውጤት

ለምሳሌ ያህል ሁለት በልጎችን እናስብ፤ ሁለቱም በድምሩ 200 ሚሊ ሜትር ዝናብ አግኝተዋል። በአንደኛው ዝናቡ በሃያ ቀን ተከፋፍሎ በየጊዜው አሥር አሥር ሚሊ ሜትር ጥሏል። በሌላው በአምስት ዶፍ ብቻ፣ አርባ አርባ ሚሊ ሜትር ወርዷል። መዝገቡ ላይ ሁለቱ እኩል ናቸው፤ «መደበኛ በልግ» ተብለው ሊመዘገቡም ይችላሉ።

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። በ100 ካሬ ሜትር ጓሮ ላይ 40 ሚሊ ሜትር ሲወርድ 4000 ሊትር፣ ማለትም ሁለት መቶ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ውሃ ተደፋ ማለት ነው፤ ያውም አንዳንዴ በአንድ ሰዓት ውስጥ። የደሴ ጓሮዎች ብዙዎቹ ተዳፋት ላይ ናቸው። ደረቅ መሬት ያን ሁሉ ውሃ መምጠጥ አይችልም፤ አብዛኛው የላይኛውን ለም አፈር ጠርጎ ወደ ቦይ ይገባል። ከዚያ ለሁለት ሳምንት ፀሐይ ይወጣል። ተክሉ በዝናብ ብዛትም በጥማትም በአንድ ወቅት ይጎዳል።

ሌላው ወጥመድ ሐሰተኛ አጀማመር ነው። የካቲት ላይ ሦስት አራት ቀን ጥሩ ይዘንባል፣ ሰው ዘሩን ይጥላል፣ ዘሩ ይበቅላል፤ ከዚያ ሰማዩ ለሃያ ቀን ይዘጋል። ቡቃያው ሲደርቅ ዘሩም ጉልበቱም አብሮ ይጠፋል። በዚህ ምክንያት አጥኚዎች ዝናብ «ገባ» የሚሉት በመጀመሪያው ቀን አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙበት መለኪያ በሦስት ቀን ውስጥ ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር መጣሉን፣ ቀጥሎ ባሉት 30 ቀናትም ረዥም ደረቅ ጊዜ አለመኖሩን ይጠይቃል። ችግሩ ግልጽ ነው፤ ሁለተኛው መስፈርት የሚረጋገጠው ወሩ ካለፈ በኋላ ነው። ገበሬው ደግሞ መወሰን ያለበት ዛሬ ነው።

በአየሩ መሞቅ የዶፉ ጠባይ መባባሱም የሚጠበቅ ነው። አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር የመሸከም አቅሙ የሚጨምረው የውሃ ትነት 7 በመቶ ገደማ ነው። ብዙ የተሸከመ ደመና ሲጥል ብዙ ይጥላል፤ መልሶ ለመሙላት ግን ጊዜ ይፈልጋል።

ጓሮው ላይ የሚታየው

የደሴ ጓሮ የተለመደ አቀማመጥ አለው፤ አጥር ሥር ጌሾና ኮክ፣ መሃል ላይ ድንች፣ ጎመን፣ ቆስጣና ቀይ ሥር፣ ደጃፍ አጠገብ ጤና አዳምና ዳማከሴ። ኮምቦልቻ ላይ ፓፓያ፣ ማንጎ፣ ሎሚና ዘይቱን ይጨመራሉ። የበልጉ መዛባት በእነዚህ ላይ የሚያርፈው በተለያየ መንገድ ነው።

ድንች እንውሰድ። ሚያዝያ ላይ ለተከታታይ ቀናት ካፊያና ጉም ከሆነ፣ ቅጠሉ ጠዋት የረጠበው ቀትር ድረስ ሳይደርቅ ይቆያል። መጀመሪያ የሚታየው ቅጠሉ ጫፍ ላይ በትኩስ ውሃ የተነከረ የሚመስል ጥቁር አረንጓዴ ነጠብጣብ ነው። በማግስቱ መሃሉ ይቡናል። ቅጠሉን ገልብጦ በጠዋት ያየው ሰው በነጠብጣቡ ዳርቻ ስስ ነጭ ሻጋታ ያገኛል። ከዚያ ወዲያ ጊዜ አይሰጥም፤ በሳምንት ውስጥ መደቡ በሙሉ እሳት የነካው መስሎ ይጠቁራል፣ ሽታውም ይለወጣል። ይህ በሽታ በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. አየርላንድን ያስራበው ራሱ ነው፤ የሚወደውም ቀዝቀዝ ያለ እርጥብ አየር ነው። ደሴ ለእርሱ ትመቸዋለች። ከመታየቱ በፊት የሚረጩ መከላከያ መድኃኒቶች አሉ፤ ማንኮዜብ በእርሻ መድኃኒት መሸጫዎች የታወቀ ነው። ቅጠሉ ከጠቆረ በኋላ መርጨት ግን ገንዘብ መጣል ነው። በዚህ ጊዜ የሚያዋጣው ግንዱን አጭዶ ማስወገድና ሥሩን ለሁለት ሳምንት ያህል በአፈር ውስጥ ማቆየት ነው፤ አለበለዚያ በሽታው ከቅጠሉ ወደ ድንቹ ይወርዳል።

ዝናቡ ሲጠፋ ደግሞ ተራው የጎመኑ ነው። ክሽክሽ ሞቅ ያለና ደረቅ አየር ይወዳል። ቅጠሉ መጠቅለል ሲጀምር ከሥሩ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ግራጫ መንጋ ተሰድሮ ይገኛል፤ ጭማቂውን ይመጥጣል፣ ተለጣፊ ነገር ይተዋል። ኃይለኛ ዝናብ ያጥበዋል። ስለዚህ በደረቅ ሳምንታት በርትቶ ዶፍ ሲመጣ ይጠፋል፤ ደረቁ ጊዜ ሲመለስ እርሱም ይመለሳል። በአንድ በልግ ውስጥ ድንቹ በእርጥበት፣ ጎመኑ በድርቀት ሊጎዳ የሚችለው በዚህ አካሄድ ነው። ጎረቤታሞች «ዝናብ በዛ»፣ «የለም አነሰ» እያሉ የሚከራከሩት ከዚህ ተነስተው ይመስላል።

ኮክ ላይ ያለው ጉዳት ፈጣን ነው፤ አበባ ወይም ጨቅላ ፍሬ ላይ አሥር ደቂቃ የበረዶ ውርጅብኝ ከደረሰ የዓመቱ ነገር አበቃ። ማንጎ ማበቢያው ላይ ዝናብ ከደረሰበት አበባው ጠቁሮ ይረግፋል። ፓፓያ ደግሞ ሥሩ በውሃ ተጥለቅልቆ ሁለት ቀን ከቆየ አይድንም፤ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ለሚተክለው ሰው ከፍ ያለ መደብ መሥራት ከማዳበሪያ ይቀድማል።

ከጓሮ ወጣ ሲሉ

የቤት ውስጥ ሥራ በዚህ አካባቢ በፀሐይ ላይ የተመሠረተ ነው። በርበሬ ይሰጣል፣ ብቅል ይደርቃል፣ ድርቆሽ ይዘረጋል። በበጋ ይህ ሁሉ ያለ ሐሳብ ይሠራል። ያልተጠበቀ ዝናብ ሲመጣ የረጠበ በርበሬ ይሻግታል፤ ሻጋታውም ከጣዕም ያለፈ ጉዳት አለው፤ አፍላቶክሲን የሚባለውን ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። የረጠበውን መልሶ አድርቆ መጠቀም መርዙን አያጠፋውም።

መንገድና ቤት ሌላው ነው። ደሴ በገደላማ ተራሮች መሃል የተቀመጠች፣ የመሬት መንሸራተት የሚያሰጋት ከተማ መሆኗ በጥናትም በነዋሪውም ዘንድ የታወቀ ነው። በልግ ላይ የተለየ አደጋ አለ፤ ደረቅ ወራት አልፈው ቦዩ በአፈርና በላስቲክ ተደፍኖ እያለ የመጀመሪያው ዶፍ ይመጣል። በክረምት መግቢያ ቦይ የመጥረግ ልማድ አለ፣ በየካቲት ግን ማንም አያስበውም። ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ የሹፌሩ እይታ ጥቂት ሜትር ይሆናል። ከፋሲካ በኋላ ዳስ ጥሎ ልጁን የሚድር ቤተሰብ፣ ግንቦት ልደታን ደጅ ወጥቶ የሚያከብር ሰፈር ሁሉ ሰማይ ሰማይ ማየቱ አይቀርም፤ ይህ ግን ከጥንትም የነበረ ነው።

ብዙም የማይነገረው የወባ ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ ከ2000 ሜትር በታች ያለ ቦታ በአብዛኛው ለወባ የተጋለጠ ተብሎ ይወሰዳል፤ ኮምቦልቻ ከዚህ መስመር በታች ናት። በልጉ ሲቆራረጥ ሁለት መንገድ ይከፈታል። የመጀመሪያው የታወቀ ነው፤ ዶፍ ጥሎ ሲያቆም የሚቀር ኩሬ። ሁለተኛው ከደረቁ ጊዜ ጋር የተያያዘ ነው፤ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ሲሆን ሰው በበርሜልና በታንከር ያጠራቅማል። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ፣ በኢትዮጵያ መጀመሪያ በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪ ደሃር ላይ የታወቀችው፣ ከሌሎቹ የምትለየው ከተማ ውስጥ በእንዲህ ዓይነት የውሃ ማጠራቀሚያ መራባት በመቻሏ ነው። ስለዚህ «ዝናብ ስለሌለ ወባ የለም» የሚለው የቆየ ሒሳብ ከተማ ላይ አያስተማምንም። በርሜል መክደን ቀላል ሥራ ነው፤ ክዳኑ ግን ወንፊት ያህል ክፍተት እንኳ መተው የለበትም።

የሚነገሩት ምክንያቶች ሲመዘኑ

ኤል ኒኞ ማለት የፓስፊክ ውቅያኖስ የምድር ወገብ መሃልና ምሥራቅ ክፍል ከተለመደው በላይ መሞቅ ነው፤ ተቃራኒው ላ ኒኛ ይባላል። በእኛ አገር ኤል ኒኞ ክረምቱን የማዳከም ጠባይ አለው፣ በልጉን ግን ብዙ ጊዜ ያጠናክራል ተብሎ ይታመናል። ይሁን እንጂ ሕግ አይደለም። በ2007 ዓ.ም. በልጉ ከሸፈ፣ ክረምቱም ተከተለው፤ ኤል ኒኞው እጅግ ብርቱ ነበር፣ የምግብ ድጋፍ የሚያስፈልገው ሕዝብም 10.2 ሚሊዮን ደረሰ። ስለዚህ «ኤል ኒኞ ነው» ብሎ ማብቃት አንድን የበልግ ሳምንት አያስረዳም። የሕንድ ውቅያኖስ ሙቀት፣ የሰሜኑ ቀዝቃዛ ሞገድና የማዳጋስካር አውሎ ነፋስም ድርሻ አላቸው።

የአየር ንብረት ለውጥ የሚለው መልስ ሰፊ ነው፣ ስለዚህ መለየት ያስፈልጋል። የአየር ጠባይ የዛሬና የዚህ ሳምንት ሁኔታ ነው፤ የአየር ንብረት የሠላሳ ዓመትና ከዚያ በላይ አማካይ። አንድ የበረዶ ቀን ስለ ሁለተኛው ምንም አያረጋግጥም። ሙቀቱ መጨመሩ ግን አከራካሪ አይደለም፤ የያኔው ብሔራዊ ሚቲዎሮሎጂ ኤጀንሲ በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሰነድ በኢትዮጵያ ዝቅተኛው፣ ማለትም የሌሊቱ ሙቀት ከ1951 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. በየአሥር ዓመቱ በአማካይ 0.37 ዲግሪ ጨምሯል ይላል። በዓለም ደረጃ 2024 እ.ኤ.አ. እስካሁን ከተመዘገቡት ሁሉ ሞቃቱ ዓመት ነበር። ዝናቡ ላይ ሲመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። በምሥራቅ አፍሪካ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ዝናብ ለዓመታት እየቀነሰ ሲታይ፣ ብዙዎቹ የኮምፒውተር ሞዴሎች ግን ወደፊት ይጨምራል ይላሉ። ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው እንቆቅልሽ ብለውታል። እርግጠኛ ሆኖ «በልግ ሊጠፋ ነው» የሚልም፣ «ይመለሳል» የሚልም ከመረጃው ቀድሟል።

የደን መራቆት ክርክር በከፊል ትክክል ነው። ዛፍ የዘነበውን ውሃ ይይዛል፣ ምንጭ ያጎለብታል፣ አፈር ያስራል። ጦሳና አካባቢው ቢራቆት ዶፉ ጎርፍ፣ ደረቁ ጊዜም የከፋ ድርቀት ይሆናል። ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣውን እርጥበት ግን ተራራ ላይ ያለ ዛፍ አይጠራውም፣ አያባርረውም። የዝናቡን መጥፋትና ያስከተለውን ጉዳት ለያይቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ደኑ የሚመልሰው ሁለተኛውን ነው።

ሰው ሠራሽ ዝናብ የሚባለው ደመናን ማበልጸግ ነው። መንግሥት በ2013 ዓ.ም. በአማራ ክልል ሙከራ መጀመሩን በይፋ አስታውቆ ነበር፤ ወሬው መነሻ አለው ማለት ነው። ቴክኖሎጂው ግን ደመና አይፈጥርም። ባለው ደመና ውስጥ ጨው ወይም ሌላ ደቃቅ ነገር ረጭቶ ጠብታው እንዲገዝፍ ያግዛል፤ ቢሳካ እንኳ ጭማሪው ውስን፣ ቦታውም ጠባብ ነው። የአንድ ዞን በልግ ማዘግየትም ማፋጠንም አይችልም።

የሕዳሴው ግድብ ነገር በነፋሱ አቅጣጫ ብቻ ይፈታል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ ከደሴ በአየር 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምዕራብ ይገኛል። በልግ ላይ እርጥበት የሚነፍሰው ከምሥራቅ ነው። ከሐይቁ የሚተነው ውሃ ወደ እኛ ለመምጣት የወቅቱን ነፋስ መቃወም አለበት።

የእምነት ምላሹ እዚህ ሚዛን ላይ የሚቀርብ አይደለም። ወሎ ላይ ዝናብ ሲጠፋ ዱዓም እግዚኦታም ይደረጋል፤ ገበሬው ከዚያ ተመልሶ ደግሞ ሰማዩንና የዘሩን ዓይነት ያያል። ሁለቱን አጋጭቶ የሚያየው የከተማ ተከራካሪ ነው።

ትንበያው ምን ይላል፣ ምን አይልም

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከበልግ መግባት በፊት የወቅት ትንበያ ያወጣል። ትንበያው በሦስት መደብ ነው፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ለአንድ አካባቢ 45፣ 35 እና 20 በመቶ ተብሎ ቢቀርብ፣ ብዙ ሰው «ዘንድሮ ዝናብ ይበዛል ተብሏል» ብሎ ያልፋል። የተባለው ግን ያ አይደለም። ከመደበኛ በላይ የመሆኑ ዕድል ከሌሎቹ ይበልጣል፤ ከአምስት አንድ ያህል ደግሞ ከመደበኛ በታች ይሆናል ማለት ነው። በተጨማሪ የወቅት ትንበያ ስለ ጠቅላላ መጠን እንጂ ስለ ቀን አይናገርም። መጋቢት 10 ይዘንብ እንደሆነ ለማወቅ በኢንስቲትዩቱ የአሥር ቀን ትንበያና በዕለታዊው መረዳት ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ ተገቢ ነው። «ደቡብ ወሎ» ተብሎ የሚሰጥ መረጃ ከ3000 ሜትር በላይ ያለውን ጉጉፍቱንና 1850 ሜትር ላይ ያለችውን ኮምቦልቻን በአንድ ቃል ያስራል። ገበሬው ትንበያው ተሳሳተ ሲል አንዳንዴ የተሳሳተው ትንበያው ሳይሆን የቦታው ስፋት ነው። በስልክ ላይ የሚታዩት የአየር ጠባይ መተግበሪያዎች ደግሞ የባሰ ችግር አለባቸው፤ አብዛኞቹ የሚሠሩት አሥርና ሃያ ኪሎ ሜትር በሚሸፍን አራት ማዕዘን አማካይ ስለሆነ ደሴንና ኮምቦልቻን የሚለየው ተዳፋት ውስጡ ተስተካክሎ ይጠፋል።

ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ የሚከተለው

የበልግ መዛባት መዘዙ በግንቦት አያልቅም። በኮምቦልቻና በቃሉ ቆላማ ክፍል ማሽላ የሚዘራው በሚያዝያና በግንቦት ርጥበት ነው፤ ለመድረስ ረዥም ወራት ይፈልጋል። ያ ጊዜ ካለፈ ገበሬው ማሽላውን ትቶ ቶሎ ወደሚደርስ ጤፍ ወይም ማሾ ይዞራል። ምግብ ይገኝ ይሆናል፤ አገዳው ግን ይቀራል። ማሽላ ለወሎ ገበሬ እህል ብቻ አይደለም፣ የከብት መኖም የማገዶም ምንጭ ነው። የበልግ ሣር ያላገኘ በሬ ደግሞ ለሰኔ እርሻ ጉልበት አይኖረውም።

ታሪክም ይህንን ያሳያል። የ1977ቱ ረሃብ በብዙዎች ትውስታ ከክረምት መቅረት ጋር ብቻ ይያያዛል። ሆኖም በ1976 ዓ.ም. በልግ ወሎ ላይ መክሸፉ ገበሬው የነበረችውን ጥሪት አስጨርሶ ለክረምቱ ባዶ እጁን አድርሶታል። ጦርነቱና የመንግሥቱ ዝምታ ተጨምረው የሆነው ሆነ። ዛሬ የማስጠንቀቂያ ሥርዓትና የምግብ ድጋፍ አለ፣ ስለዚህ አንድ የበልግ መክሸፍ ያንን ይደግማል ማለት አይደለም። የሚነካው በቅድሚያ ገበያውን ነው፤ በግና ፍየል በብዛት ወጥቶ ዋጋው ይወርዳል፣ እህል ይወደዳል፣ ደሴ ገበያ ላይ ድንችና ሽንኩርት ይከተላሉ።

ደጋው ላይ ደግሞ መዘግየት ከመቅረት ያላነሰ ጣጣ አለው። የበልግ ገብስ በጊዜው ከተዘራ በሰኔ ይታጨዳል፣ መሬቱም ለመኸር ዘር ይለቀቃል። አንድ ወር ቢዘገይ አጨዳው በሐምሌ ዶፍ መሃል ይወድቃል። የታጨደው ነዶ ክምር ላይ ይሻግታል፣ አውድማው ይጨቀያል፣ ማሳውም ለመኸር ሳይደርስ ይቀራል። ገበሬው ለቀጣዩ በልግ ዘር የሚያስቀምጠው ከዚያው ከሻገተው ምርት ነው፤ የበቀለና የሻገተ ገብስ ደግሞ የመብቀል አቅሙ ደካማ ነው። በመጪው የካቲት ዝናቡ በወቅቱ ቢገባ እንኳ ዘር ፍለጋ ገበያ የሚወጣው ሰው ይበዛል፣ የሚያገኘውም በተወደደ ዋጋ ነው።